ከእትዬ ወርቄ ዓይን ሽሽት

ከዲላ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ልጄን ሐናን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ፊቷን ሸፍኜ፣ በጓሮ በኩል። በፊት ለፊት ብንወጣ እትዬ ወርቄ ታየናለች። ጎረቤታችን ናት፣ ኮሎ ሻጭ። ሁለት ጊዜ ከኮሎዋ ዘግና ሰጠቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ልትሞትብኝ ነበር። እናቴ «በላቻት» አለች። እኔም አመንኩ፤ ለሰፈሩ ያወራሁትም እኔው ነኝ። የሐና እናት ሞታለች፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላው እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል፣ እኔ ከቡዳ ሸሽቼ ሞያሌን ተሻገርኩ።

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራየን። ዝናቡ የዲላን ይመስላል፤ ጎረቤት ግን በርህን አያንኳኳም። ወደድኩት፤ የሚያይ ዓይን የለማ። ሦስት ወር ሳይሞላን የሕንፃው ጠባቂ፣ ደግ ሰውዬ ነው፣ ለሐና አንድ እፍኝ ንጁጉ ሰጣት፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ማለት ነው። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌያት «ተከትላን መጣች» እያልኩ ነበር።

ክሊኒክ ወግተው አተረፏት። ሐኪሙ ምን እንደነካት ሲጠይቀኝ የእትዬ ወርቄን ነገር ከኮሎዋ እስከ ዛሬው ኦቾሎኒ አንድም ሳላስቀር ዘከዘክሁለት። አንድ የሰፈር ሐበሻ ያስተረጉምልኝ ነበር።

«ሴትዮዋ አሁን የት ናት?» አለ ሐኪሙ።

«ዲላ።»

«ኦቾሎኒውስ?»

«ልጅቷ ሆድ ውስጥ።»

«እንግዲያው ሴትዮዋን ተዋት።»

አስተርጓሚው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ኮሎም ኦቾሎኒ ነበረበት።

አለርጂ ይሉታል። መፍትሔው አለማስነካት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት የብስኩት ላስቲክ ለማንበብ ነው። ሳላነብ አልገዛም። ሐኪሙ የሰጠኝ መርፌ ከኪሴ አይለይም፤ አወጋጉን ለአስተማሪዋም አሳይቻለሁ። ሐበሻ ቤት ስንጋበዝ ወጡ በምን እንደተሠራ፣ ጭልፋው ቀድሞ ምን ውስጥ እንደገባ እጠይቃለሁ። ጉርሻ ወደ ልጄ አፍ ሲመጣ እጅ እይዛለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ትናንት ሁሉንም ላስረዳ ቆርጬ ለእናቴ ደወልኩ። መጀመሪያ እትዬ ወርቄ እንዴት ናት አልኳት።

«አባረርናት እኮ! እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ ቤቷን አፈረሱባት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወድቃለች፤ የሚመጸውታትም የለ፣ ማን ደፍሮ ይጠጋታል? ሐናዬስ? ደግሞ አመማት?»

«አሁን ደህና ናት፣ እማዬ።»

«አየህ?» አለችኝ።

ኦቾሎኒው ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ልጅቷ እንደዳነች ለጎረቤት በእልልታ እየነገረች ነበር።