በክብሪት ቀፎ የመጣችው ተርብ

ኒካኖራ ከኮቻባምባ ከተማ በታች ባለው ቆላ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ለእያንዳንዱ ሕመም የተሰጠውን መለያ ቁጥር ከመዝገብ ፈልጋ በሽተኛው ካርድ ላይ መጻፍ ነው። በአገሩ ልማድ የተነደፈ ሰው የነደፈውን ተባይ በክብሪት ቀፎ ይዞ ይመጣል። ካርዱ «ተርብ» ካለ ቅባት ተሰጥቶት ይሄዳል። ቪንቹካ የሚሏት የግድግዳ ትኋን ከሆነች ግን ደሙ ይመረመራል፤ በሽታዋ ቶሎ ካልተያዘ ዓመታት ተደብቆ ልብ ይበላልና።

ማክሰኞ ጠዋት አበልጇ ሳቱርኒና የስድስት ዓመቷን ኤልቪራን፣ የኒካኖራን የክርስትና ልጅ፣ ይዛ መጣች። የልጅቷ አንድ ዓይን አብጦ ተከድኗል።

«ተርብ ናት፣ አበልጄ። ይኸውልሽ።»

ኒካኖራ ቀፎውን ከፈተችው። እውነትም ተርብ ናት፤ ግን ደርቃለች፣ ክንፏ ላይም የሸረሪት ድር አለ።

«መቼ ነደፈቻት?»

«ትናንት ሌሊት፣ ተኝታ ሳለች።»

«ተርቦችም የሌሊት ፈረቃ ጀመሩ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጻፊ እንጂ፣ ዳኛ ነሽ እንዴ?»

«ኤልቪራዬ፣ ያምሻል?»

«አያመኝም።»

ተርብ ነድፋ የማያም? ሌሊት ነክሳ፣ ሳታም ዓይን የምታሳብጥ ቪንቹካ ናት። ኒካኖራ ግራ ገብቷት መዝገቡን ገለጠች። ቪንቹካ ያለችው «መርዝ የሌላቸው» ተባዮች ከሚለው ሥር ነው። ሰው የምትገድል እንዴት መርዝ የላትም ይባላል? የሟች ባሏን ካርድ የዘጋችው ራሷ ኒካኖራ ነበረች፤ የሞቱን ምክንያት «ልብ» ብላ። ልክ ጽፋ እንደሆነ ዛሬም አታውቅም።

«የት ነው የተኛችው?»

ሳቱርኒና ነጠላ ጫማዋን አየች። «ግድግዳው ሥር።» ድምፅዋ ወረደ። «ቅዳሜ ትልቋን ልጄን ሊያጩ ይመጣሉ። ቪንቹካ ብለሽ ጽፈሽ መድኃኒት ረጪዎቹ መጥተው ዕቃዬን ደጅ ካወጡት ትኋናም ቤት ተብዬ እቀራለሁ።»

«የእኔስ ቤት ተረጭቶ የለ? ባሌ ከሞተ በኋላ።»

ሳቱርኒና ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

ኒካኖራ «መርዝ የሌላቸው» የሚለውን ቁጥር ጻፈች። አላመነችውምና አጠገቡ በትልልቅ ፊደል «ቪንቹካ» ብላ ጨመረች። ልጅቷን ደም ወደሚቀዳበት ክፍል አስገቧት፤ ለቅሶዋ እስከ ካርድ ክፍሉ መስኮት ተሰማ።

አጪዎቹ ይቀሩ እንደሆነ፣ አበልጇ ከእንግዲህ ታናግራት እንደሆነ ኒካኖራ አላወቀችም። ተርቧን ልትጥላት ተነሣችና መልሳ ከነቀፎዋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠቻት።