የአባ ተገኘ ጨፌ ወፎች

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ወረታ አስተማሪ ሳለሁ። ወፍ እየገደለ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ መጣና አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው ወደ ፎገራ ሜዳ ወረድኩ። የሚፈልገው ጉትያም ወፍ በአገራችን የቀረው አባ ተገኘ በሚባሉ ሽማግሌ ጨፌ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ እንኳን ጥይት፣ ድንጋይም አያስወረውሩም።

«ስንት ነው የሚገድለው?» አሉኝ።

«ሁለት ብቻ ነው፣ አባ። እኔ አለሁ» አልኳቸው። ቃሉን የሰጠሁት ፈረንጁን ሳልጠይቅ ነው።

ወፎቹ ሰው ለምደው ስለነበር አልሸሹም። ተኩሱ ሲያበቃ ዐሥራ አንዱም ሣር ላይ ተደረደሩ። አባ ተገኘ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«ምነው እንዲህ አበዛኸው?» አልኩት ፈረንጁን።

ክንፋቸውን እየለካ፣ «ከሌላ አገር ጉትያም ወፎች ጋር ቢገናኙ ስለሚዋለዱ ዝርያቸው አንድ ነው» አለኝ። «የዚህ አገሮቹ ግን በጅምላ ሲታዩ በመልክና በመጠን ከተለዩ ንዑስ ዝርያ ይባላሉ። ያንን አንድ ሁለቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም።»

እንዳለ ተረጎምኩላቸው።

«ታዲያ ተለዩ ወይ?» አሉ ሽማግሌው።

ጥያቄውን ስነግረው ፈረንጁ ፊቱ በደስታ በራ። «ተለይተዋል! እንዲህ ያለ ወፍ ከዚህ ጨፌ በቀር በዓለም ላይ የለም በላቸው።»

አልኳቸው። አባ ተገኘ ባዶውን ውሃ ሲያዩ ቆዩ።

«አሁንማ እዚህም የለም» አሉኝ፤ «እሱንም ንገረው።»

አልነገርኩትም።