አራት ሰዓት ተኩል

ስለ እፀገነት ሲነሳ «ምን ታድርግ፣ ሩቅ አገር ነበረች» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። የቱ ነው ሩቁ? ከቤይሩት አዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር አንድ ሰዓት ነው። እኛ ከጎንደር ቀያችን ሽንፋ ለመድረስ በክረምት ጭቃ ውስጥ የምንውለው ከዚያ ይበልጣል!

እናቷ እትየ አገኘሽ ሽንፋ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን አበጣሪ ነበሩ። አንዲት ልጃቸው እፀገነት ከዚያ አቧራ ላወጣቸው ብላ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። በሰፈሩ ሞባይል የነበረኝ እኔ፣ አስተማሪው ማሩ፣ ስለሆንኩ እሑድ እሑድ የምትደውለው በእኔ ስልክ ነው። አንድ እሑድ የበረራውን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋ አነበበችላቸው።

«እማ፣ አራት ሰዓት ተኩል እኮ ነው። የቲኬቱን ለይቼ አስቀምጫለሁ። አመመኝ ካልሽ በማግስቱ አለሁልሽ።»

ከዚያ ወዲያ እትየ አገኘሽ ጎረቤቱን ሁሉ በዚህች ቁጥር አሰለቹት።

በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሰውነታቸው አብጦ አልጋ ያዙ። ወንድማቸው የሺዋስ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ «ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን ትደንግጥ? አይነገራትም» አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሁላ!

ስድስት እሑድ ዋሸኋት። አንዴ ገበያ ወጥተዋል፣ አንዴ ለቅሶ ሄደዋል እያልኩ። እትየ አገኘሽ «ልጄ ሰማች ወይ?» ሲሉኝ ደግሞ «ሰምታለች፣ መንገድ ላይ ናት» እላለሁ። አያፍርም ይሄ አፌ።

ቅዳሜ ሞቱ፤ ቀበርናቸው። ሰኞ ደውለን «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» አልናት። ረቡዕ ሳይመሽ፣ መኪናው ጭቃ ሲይዘው የቀረውን በእግሯ ተጉዛ፣ ሽንፋ ገባች። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው ተብሎ «ጎንደር ሆስፒታል ተኝተዋል» አልናት።

«በጎንደር አይደል እንዴ ያለፍኩት? ምነው እዚያው ሳለሁ አልነገራችሁኝ?»

በማለዳ ተረዳች።

በሦስተኛው ቀን፣ ድምጿ በልቅሶ ተዘግቶ፣ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ እማ በመጨረሻ ምን አለች?»

ሌላ ውሸት አማረኝ፤ ግን አልወጣልህ አለኝ።

«‹አራት ሰዓት ተኩል ነው አላለችኝም ነበር? ምነው ልጄ ጨከነችብኝ?› አሉ» አልኳት።

አላለቀሰችም። የበረራው ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«እርስዎ ይያዙት» ብላኝ ወጣች።

ተመልሳ ቤይሩት አልሄደችም፤ እናቷ በነበሩበት መጋዘን ሰሊጥ ታበጥራለች። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም አትለኝም። ደግ አደረገች።