በአባቴ ጉሮሮ የተቃኘው ፒያኖ

ሽቦ ሲወጠር ሲጢጥ የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ክረምት ይመለስብኛል። ጣና ዳር ባለው ቤታችን፣ እናቴ ትሠራለት የነበረ ፈረንጅ መምህር አገር ሲለቅ የተወላት አሮጌ ፒያኖ ነበረን፤ የሐይቁ እርጥበት ገብቶበት ድምፁ ተበላሽቷል። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ግን እንዲያም ሆኖ ይጫወትበት ነበር።

በዚያ ክረምት ጎረምሳው ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። ደሳለኝም ዕድሜው ደርሶ ነበርና፣ እናቴ ቀበሌ እየተመላለሰች ስትለምን ከርማ፣ ሊቀ መንበሩ «በመስከረሙ የአብዮት በዓል ከኪነት ቡድኑ ጋር ይጫወት። ከሆነለት የቡድኑ አባል አድርገን እናስቀረዋለን፤ ካልሆነለት እንደ ጓደኞቹ ይዘምታል» አላት።

ባሕር ዳር ላይ ፒያኖ የሚቃኝ ሰው ከየት ይምጣ። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ክራርም ይደረድር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር የፒያኖውን ክዳን ከፍቶ፣ ለአንድ ድምፅ ከተወጠሩት ሦስት ክሮች ሁለቱን በጨርቅ አፍኖ፣ ራሱ ሞርዶ ባበጀው መፍቻ ሦስተኛውን ያጠብቅ ነበር። አንዱ ክር ተበጥሶ ግንባሩን ከገረፈው በኋላ ግን ማጥበቁን ፈራ። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነበርና፣ እያንጎራጎረ ክሩን ሁሉ እያላላ ወደ ራሱ ዝቅ ያለ ድምፅ ያመጣው ጀመር። ጳጉሜን ላይ ጨረሰ። ደሳለኝ ለብቻው ሲጫወትበት አንዳች እንከን አልነበረውም፤ እናቴ መሬት ሳመች።

መስከረም ጠብቶ ፒያኖው በመኪና ተጭኖ አዳራሽ ገባ። ወንድሜ ከኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን ጋር እንደጀመረ ሁለቱ ድምፆች ተጣሉ። አኮርዲዮን ከተሠራበት ድምፅ ንቅንቅ አይልም፤ አባቴ ይህ የገባው ያን ጊዜ ነው። የደሳለኝ ላብ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣ ሕዝቡም ይስቅ ነበር። አባቴ መድረኩ ሥር ሄዶ «ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ምን አደረገ? ትንሽ ቀን ስጡኝ፣ ከአኮርዲዮኑ ጋር አስማምቼ እንደገና እቃኘዋለሁ» ብሎ ሊቀ መንበሩን ለመነ።

«በዓሉ አለፈ» አለው ሊቀ መንበሩ።

ኅዳር ላይ ደሳለኝን ወሰዱት። በጋው አለፈ፣ ክረምቱም ተከተለ፤ ደብዳቤም መርዶም አልመጣ። እናቴ አባቴን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ይሻለው ነበር። ማንጎራጎሩን እርግፍ አድርጎ ተወ።

ዛሬ ልጄ እዚሁ ከተማ ሙዚቃ ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር ስትለማመድ ድምፃቸው አልገጥም ሲል ይሳሳቁና እንደገና ይጀምራሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማቸዋለሁ። አባቴም የለመነው እንዲህ እንደገና መጀመርን ብቻ ነበር።