ስለ ክሩ ዝም አልኩ

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። እህቴ አስካለ ከተቀበረች ወዲህ ግን በውስጤ መያዝ አቃተኝ።

አስካለ አንጥረኛ ነበረች። ከእሷ በፊት በአሰላ ሴት ብር ስታቀልጥ ያየ አልነበረም። ወናፍ ልትነፋ የተቀጠረችላቸው ሽማግሌ ሙያውን አስተማሯት፤ ሲሞቱ መዶሻቸው ለእሷ ቀረ። ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛችልኝ በዚያ መዶሻ ሠርታ ነው። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቋ በር ላለማለፍ በዳገቱ እዞር ነበር። ጓደኞቼ «የቡዳዋ ወንድም» ይሉኝ ነበር። የቀበሌው ጓድ የእጅ ባለሙያን በዚህ ስም መጥራት ተከልክሏል ሲል አጨብጭቤያለሁ። እኔው ነኝ ያጨበጨብኩት።

አንድ ቀን የጎረቤታችን የእታገኝ ሕፃን ታመመ። ጠዋት ሆስፒታል ወስዳ መርፌ አስወጋችው። ከሰዓት ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ልጁን አዝላ፣ ሴቶች አስከትላ እኛ ቤት መጣች።

«እንትፍ በይበት አስኩ። ልጄን ልቀቂልኝ።»

«ምኑን ነው የምለቅልሽ? ይልቅ ወደ ሐኪም መልሰሽ ውሰጂው» አለች እህቴ።

ከሴቶቹ አንዷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የተማርከው፣ እስቲ እውነቱን ተናገር። ልጁን አይታዋለች?»

ጓደኞቼ በአጥሩ በኩል ያዩኝ ነበር። «ትናንት እጁን ይዛ ስታየው ነበር» አልኩ።

እውነት ነው፣ ይዛው ነበር። የብር አምባር ልትሠራለት የእጁን ልክ በክር እየወሰደች ነበር። ክሩን ቆርጬ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ታዲያ ክሩን ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው? አልፈራሁም። ከእነሱ ጋር መቆም ፈልጌ ነው።

አስካለ አየችኝ። እስክናገር ጠበቀችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጁ ላይ እንትፍ አለች።

ማታ ልጁ ተሻለው። መርፌው ነው ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ጠገራ ብር ይዞ አቅልጪልኝ የሚላት ጠፋ። ዕቃዋን ሰብስባ ጮሌ ከተማ ገባች፤ ወሬው እዚያም ደረሰባት። የሰው ልብስ እያጠበች ኖራ፣ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ለምን እንዲያ አልክ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

ከሣጥኗ አምባሩን አገኘሁት። ጨርሳው ነበር፤ ክሩም እንደታሰረበት አለ። ልጁ አሁን ተማሪ ሆኗል፣ እጁ አይገባበትም።

ለራሴ ይቅርታ አልጠይቅም። አስካለ ልጁን በዓይኗ በላችው የሚል ካጋጠማችሁ ግን የእጁን ልክ እየወሰደች እንደነበር ንገሩት። እኔ አልተናገርኩም።