ጥፍር ቀለም የተቀባች ፒካፕ

በእኛ ሰፈር መኪናውን ጋራዥ ጥሎ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ መኪናዋ የመሥሪያ ቤት ናት። የተቀረነው ዱካ ይዘን እንሄዳለን። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ሲገባ ዱካችንን ከጫማው አጠገብ አድርገን እንቀመጣለን። ሻይ ሲሄድ አብረን ሻይ እንሄዳለን። ሽንት ቤት ሲገባ በር ላይ ቆመን ስለ አየሩ ጠባይ እናዋራዋለን። ደህናው ዕቃ ወጥቶ የሞተው እንዳይገባ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አገሩ፤ እኔ ደግሞ በጥርጣሬ ከአገሩ አንድ እርምጃ ቀድሜ የምሄድ ሰው ነኝ። እንቁላል ስገዛ ወደ ፀሐይ አንስቼ አየዋለሁ፤ ዶሮዋ ብትገኝ ቃሏንም እቀበል ነበር።

ፒካፗ ከመጀመሪያ ልጄ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ባለ አንድ ጋቢና፣ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረች፣ ናፍጣ የምትጠጣ። የካ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ወረቀቱንና ቀለሙን ስንት ዘመን ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። "አሮጊቷ" ነው የምላት። ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት ውሾች ድሮ ይጮኹ ነበር፤ በኋላ ግን ዕድሜዋን አክብረው ተዉ።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ ከባለቤቴ አገር ሰው መጣ። ባለቤቴን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ "እማማ" ነው የምትላት። የምትኖረው ቆላ ውስጥ ነው። ከላምበረት የሚነሳው አውቶቡስ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ አውርዶህ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ቀን ተኩል በበቅሎ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ወገቧን ከታመመች ወዲህ በቅሎ አይሆንላትም። መሐል ላይ ወንዝ አለ። ሰኔ ገፋ ሲል ይሞላና እስከ መስከረም ማንንም አያሻግርም። እንግዳው ውሃውን ጠጣ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ "እትዬ ደክመዋል" አለ። "ለመስከረም እንደርሳለን ካላችሁ፣ እንጃ።"

ባለቤቴ ያቺን "እንጃ" ሳምንት ሙሉ ይዛት ዞረች። በሳምንቱ፣

"በመኪና እወስድሻለሁ" አልኳት።

"በየትኛው መኪና?"

"በአሮጊቷ።"

"ሾላ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ሁለት ጊዜ በምታርፈው?"

"አሠራታለሁ።"

ሃያ ሰባት ዓመት አብራኝ ስለኖረች ቃሌን ስትቀበል ምን ያህሉን መቀነስ እንዳለባት ታውቃለች። ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም።

መካኒኩ የእኔው እኩያ ነው፤ በልጅነቱ ከደቡብ መጥቶ ላምበረት አካባቢ ጋራዥ የከፈተ፣ ጆሮውን ኮፈን ላይ ለጥፎ የሞተርን ሕመም የሚናገር ሰው። እኔ "ኢንጂነር" እለዋለሁ፤ እሱ በዱካዬ ምክንያት "መርማሪው" ይለኛል።

"ቆላ ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ በራሷ እንድትመለስ እፈልጋለሁ" አልኩት።

"የሚነዳት ሰውዬስ ዕድሜው ስንት ነው?"

"ሃምሳ ሦስት።"

"እሱን ማደስ አልችልም። እሷን እንሞክራለን።"

ጀመርን። ጎማዎቿ ላይ የሚሸከማትን ባሌስትራ ከአንድ የሞተ የጭነት መኪና በተወሰደ ብረት ደርቦ ከፍ አደረጋት፤ ጋቢናው ውስጥ ስቀመጥ የእንጦጦ ብርድ ይሰማኝ ጀመር። ሁለተኛ የናፍጣ ታንክ አሠራን። ውሃ ውስጥ ስትገባ እንዳትታፈን የአየር መሳቢያዋን በብረት ቱቦ እስከ ጣሪያዋ አወጣነው። ከኋላ ለውሃ ጀሪካን ማሰሪያ፣ ከላይ የዕቃ መጫኛ፣ ከፊት እንደ አጥር ያለ ብረት ተበየደላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሑድ ወደ ግቢዬ ሳመጣት ሰፈሩ አጥር ላይ ይወጣ ነበር። አንዱ ጎረቤት ቱቦውን አይቶ "ምድጃ ልታስገባባት ነው?" አለኝ። የእድራችን ሰብሳቢ ደግሞ ታንኮቹን፣ ጀሪካኖቹን፣ መጫኛውን ተራ በተራ አይተው ሄዱ። በማግስቱ የእድሩ ድንኳን ከእኔ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። አልተቀየምኩም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምወስነው ይህንኑ ነው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ሱቄን መክፈት ስላለብኝ ዱካዬ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋል አልችልም። እኔ ሳልኖር እነዚያ እጆች ምን እንደሚሠሩ ማን ያውቃል? መካኒኩ አሮጊቷን በያዘባት አሥራ አራት ዓመት አንድ ብሎን አጉድሎብኝ አያውቅም። ይህ ራሱ አስጠረጠረኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንም የማይወስድ ሰው ትልቅ ነገር እያሰበ ነው አልኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ለቅሶ ስትሄድ፣ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የገዛችውን ቀይ የጥፍር ቀለም አነሳሁ። ዲናሞው ላይ አንዲት ነጥብ። ባትሪው ላይ አንዲት። ራዲያተሩ ላይ፣ ፖምፓው ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ብልጥ ሌባ የውጭውን ምልክት ያይና የራሱን ነጥብ አስመስሎ ይቀባል። የውስጡን ግን ከየት ያውቃል? ስለዚህ የናፍጣ ማጣሪያዋን ጽዋ ፈታሁ፤ ከሥር የምትንጠለጠል፣ ውሃ የሚዘቅጥባት ጽዋ ናት። ከከንፈሯ ላይ፣ ልክ ላስቲኩ ከሚያርፍበት ቦታ፣ ወፈር አድርጌ አንድ መስመር ቀባሁና መልሼ አሰርኳት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ብልጠቶች ሁሉ የምኮራው በዚህ ነበር።

በሳምንቱ ለሙከራ ወደ እንጦጦ ወጣን። ራጉኤል ደጃፍ ድረስ ያለውን አቀበት ከቻለች ቆላውን ትችላለች አለ መካኒኩ። ግማሽ መንገድ ሄደች፤ ባሕር ዛፎቹ መንገዱን ከሁለት ወገን በሚያጠቡት ጠመዝማዛ ላይ ሳል ጀመራት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ጠበል ይዘው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም አሉ።

"ልጄ፣ ትንሽ ላፍስባት?"

"እናቴ፣ እሷ የምትጠጣው ናፍጣ ነው።"

"እሱንም ትታ ትሆናላ። እየጾመች ይሆናል" ብለው አልፈው ሄዱ።

"አየር እየሳበች ነው" አለ መካኒኩ። "ከናፍጣው ጋር የሆነ ቦታ አየር ይገባል። አቀበት ላይ አብዝታ ስትፈልግ አየሩ ያንቃታል።"

ቱቦዎቹን ቀየረ። ደግመን ወጣን፣ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ጠፋች። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቀየረ። ጠፋች። ሦስተኛው ላይ እኔ ነቃሁ። አንድ ሰው በሽታውንና መድኃኒቱን በአንድ ኪስ ይዞ ካልዞረ በቀር መኪና እንዴት ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል? ይህ ሰውዬ ራሱ እያላላ ራሱ ያጠብቃል አልኩ። ሱቁን ዘግቼ ዱካዬን ይዤ ገባሁ። ዐይኑን ሲጨፍን እንኳ ለምን እንደጨፈነ እመዘግብ ነበር።

ግንቦት አለቀ። ከእንጦጦ ጀርባ ደመና መቆለል ጀመረ። ባለቤቴ በየማለዳው በር ላይ ወጥታ ደመናውን ታየዋለች፤ እኔን አትጠይቀኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ምርመራ ተከፍቶ ኖሯል።

"ጥፍር ቀለሜን አይተሃል?"

"እኔ ጥፍር ቀለም ምን ያደርግልኛል?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ሸሚዝህ እጅጌ ላይ ቀይ አለ። ሱቁ ዝግ ነው ይሉኛል። የት ነው የምትውለው?"

"አሮጊቷ ጋ።"

"አሮጊቷ ጥፍር አላት?"

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ዙሪያውን አየች፤ ሌላ ሴት አልነበረችም። ልክ በዚያች ደቂቃ መካኒኩ የቀረችውን የመጨረሻ ነገር፣ ያቺን ጽዋ ፈትቶ ወደ ብርሃን አነሳት። በአውራ ጣቱ ጥፍር ከንፈሯን ፋቅ ፋቅ አደረገ። ቀይ ቅርፊት ተነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ። "ላስቲኩ እንዳይገጥም ያደረገው ይሄ ነው። አየሩ የሚገባው በዚህ ነው። ግን ምንድን ነው?"

ባለቤቴ ጠጋ ብላ አየችው።

"የእኔ ነው" አለች። "ጥፍር ቀለሜ።"

መካኒኩ አላያትም፤ እኔን አየኝ። ከዚያ አምፖሉን ይዞ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ዲናሞውን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ፖምፓውን አየ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

"ኩፍኝ ይዟታል" አለ። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ። "አሥራ አራት ዓመት ነካኋት። አንድ ነገር ጎድሎብህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ?"

"ይጎድል ይሆናል ብዬ ነው።"

"እሺ። ሌላ ሰው ፈልግ።" መፍቻ ቁልፉን አስቀመጠ።

ቀልድ አላጣም እኔ፤ የራሴ እናት ለቅሶ ላይ እንኳ አንድ ሁለት አላጣሁም። ያን ቀን ግን ዱካዬን አንስቼ ታቀፍኩ። ሰማዩ ቆርቆሮው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል አደረገ። ባለቤቴ ወደ መካኒኩ ዞረች።

"የሱ ጥፋት እናቴን አያስቀርብኝ" አለችው። "እሱን ቢፈልጉ ይተዉት። ወንዙ ሊሞላ አሥር ቀን አይቀረውም።"

መካኒኩ ጨርቁን አጣጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው።

"አሴቶን ገዝቶ ይምጣ" አለ። "ነጥቦቹን አንድ በአንድ በእጁ ያጥፋ። ዱካው ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው።"

እንዳለውም ሆነ። እኔ ከአሮጊቷ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስፈትግ እሱ ዱካዬ ላይ ተቀምጦ ከባለቤቴ ጋር ቆሎ ይቆረጥማል። "መርማሪው፣ ከግራ ጎማው ጀርባ አንዲት ቀርታለች" ይላል። እጄን ልታጠብ ስነሳ ተከተለኝና ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ጠባይ ጠየቀኝ። ደመናማ ነው አልኩት።

ጽዋዋን ራሱ አጥቦ ላስቲኳን አስገብቶ አሰራት። ሞተሩን አስነሥተን ወጣን። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ወደ ፊት አዘነበልን። አሮጊቷ ቦታውን የማታውቀው መስላ አለፈችው፤ ራጉኤል ደጃፍ ደርሰን ስናጠፋት ብቻ ጠፋች። መካኒኩ የመሣሪያ ቦርሳውን እግሬ ሥር አስቀመጠ። "በውሰት ነው" አለ። "ወንዙ ውስጥ ሳትገባ የቬንትሌተሩን ቺንጋ ፍታ። አለዚያ ውሃውን ሞተሩ ላይ ይረጨዋል።"

ወንዙ ጋ የደረስነው ከየካ በተነሳን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ቡናማ ሆኗል፣ ግን ገና ጉልበት ላይ ነበር። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ ልፈታ ቦርሳውን ከፈትኩ። በእያንዳንዱ መፍቻ ቁልፍ አንገት ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ሮዝ። ከሚስቱ ይሁን ከልጁ የወሰደው አላውቅም፤ ግን አንዱንም አልዘለለም።

ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ሳቀች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ተቀየምኩ። እኔ የሰው ቁልፍ የምለውጥ ሰው ነኝ? እውነቱን ለመናገር፣ አሥራ አራት ቁጥሯ መፍቻ ከእኔዋ የተሻለች መሆኗን እንጦጦ ላይ ሳለሁ ልብ ብዬ ነበር።

ተሻገርን። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ ጫማዬን አጠበልኝ፤ ለሰፈሩ ስተርክ ግን እስከ አንገቴ ነበር።

እማማ ደጅ ላይ ነበረች፣ ከግድግዳው ተደግፋ። ባለቤቴ ጉልበቷ ላይ ስትደፋ ራሷን ዳበሰችላት፣ ጆሮዋን፣ ጉንጯን፣ እሷ መሆኗን እንደምታጣራ ሁሉ። ከዚያ ዐይኗ በባለቤቴ ትከሻ ላይ አልፎ እኔ የማወርዳቸው ጀሪካኖች ላይ አረፈ።

"ምንድን ናቸው?"

"ውሃ ነው፣ እማማ" አልኩ።

"ምንጩ እኮ እዚያ ነው" አለች። ወደ ባለቤቴ ጎንበስ ብላ፣ እንድሰማ አድርጋ አንሾካሾከች። "ውሃ ይዞ ወደ ምንጭ የሚመጣ ሰው፣ ምን ሊወስድ ነው የመጣው?"

በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ዕቃ መጫን ስጀምር ባለቤቴ አልተነሳችም።

"አንተ ሂድ፣ ወንዙ ሳይቀድምህ" አለች። "እኔ እስከ መስከረም እሷ ጋ ነኝ።"

"በምን ልብስ? በአንድ ቀሚስ?"

ሻንጣዋን ከፈተችልኝ። ጋቢ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ጫማ፣ የወገቧ መድኃኒት ለሦስት ወር የሚበቃ። ያንን ሻንጣ ከየካ ጀምሮ ያነሳሁትም ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ከብዶኝ ነበር፤ ሴት ናት፣ ዕቃ ይበዛባታል ብዬ አለፍኩት። እያንዳንዱን ብረት የመረመርኩ ሰው ያንን ብቻ አልጠረጠርኩትም።

ብቻዬን ተሻገርኩ። ላምበረት ስመለስ መካኒኩ ቦርሳውን ተቀብሎ አሥራ አራት ቁጥሯን ቀድሞ አወጣት፣ ነጥቧን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና መልሶ ከተታት።

መስቀል እንደ ዋለ ወንዙ ጎደለና ሄድኩ። ሁለቱም ደጅ ላይ ተቀምጠው እየተሳሳቁ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ደክማለች የተባለችው እማማ ጉንጯ ሞልቷል፤ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ አንዱን ጀሪካን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ያንን "እንጃ" ለእንግዳው ያስያዘችው እሷ ራሷ መሆኗን ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ባለቤቴ ከእማማ ጎን እንዲህ ስትስቅ ካየሁ ዘመን ስለሆነኝ አልጠየቅኩም። ማስረጃ ግን እየሰበሰብኩ ነው።