የቃርሚያው ፎቶ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ከማታ ሺፍት ወጥቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አክስቴ እታገኝ ደወሉ።

«መኪናሽን ይዘሽ ነይ ልጄ። ቃርሚያ እንሄዳለን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማችን ከቂርያት ጋት ወጣ ብሎ ካለ ሞሻቭ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ አንድ ገበሬ አክስቴ የሚውሉበት የአረጋውያን ክበብ ድረስ መጥቶ፣ «ማሳዬ ላይ የተረፈ ሽንኩርት አለ። ሐሙስ መጥታችሁ ልቀሙ፤ ለእኔም ሚጽቫ ነው፣ ጽድቅ ነው» ብሏቸዋል። አክስቴ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ለድሃ ቃርሚያ መተው ኦሪት ላይ ያለ ነው፤ እዚህ አገር ሲደረግ ሲያዩ ግን መጀመሪያቸው ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ።

ስንደርስ ሰውዬው ራሱ በሩን ከፈተልን። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላቸው። ማሳው ተለቅሞ አልቋል ማለት ይቻላል፤ እዚህም እዚያም ማሽን የዘለለው ትንንሽ ሽንኩርት ነው ያለው። የጭነት መኪና ጎማ መሬቱን አርሶታል። አሮጊቶቹ ግን ጎንበስ ብለው፣ እየተሳሳቁ መልቀም ጀመሩ። አክስቴ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው... ያን ቀን ግን ማን ይቅደማቸው።

ከረጢቶቹ ሞላ ሲሉ አንዲት ነጭ መኪና መጣች። የወረደው ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው። ለካ ሠራተኛ አጥቶ አዝመራው ለጠፋበት ገበሬ መንግሥት ካሳ ይከፍላል። ገበሬው ወደ እኛ እየጠቆመ በዕብራይስጥ እንዲህ አለው...

«ይኸው በዓይንህ እየው። የሚለቅምልኝ አጥቼ ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ ቀረ። እነዚህ ደግሞ ከከተማ እየመጡ ሰርቀው ጨረሱት።»

ደነገጥኩ።

«አንተ አይደለህም የጠራኸን? በሩንስ ማን ከፈተልን?» አልኩት።

«አይቼሽም አላውቅ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

ወደ ተቆጣጣሪው ዞርኩ። «የጭነት መኪናውን ዱካ ተመልከት። ሽንኩርቱን ጭኖ ሸጦታል።»

«የአንቺም መኪና ጎማ አለው» አለኝና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

አክስቴ ዕብራይስጥ ብዙም አይሰሙም። ፎቶ ሊነሱ መሆኑን ሲያዩ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከረጢታቸውን ከፊታቸው አቆሙና ሳቅ አሉ።

«ደህና አድርጎ ያንሳን በይው» አሉኝ።

አልተረጎምኩም።

ገበሬው ጉዳዩ ሲያልቅለት ከረጢቶቹን በእጁ እያሳየ «ይውሰዱት፣ ግድ የለም» አለ። አክስቴ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ማሳህን ይባርክልህ» እያሉ መረቁት። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» አለ።

መኪና ውስጥ ሳልነግራቸው ልቀር ነበር። ግን ያንን ሰው መንገዱን ሙሉ ሲመርቁት መስማት አቃተኝ... ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ሆነው እየተቀባበሉ ረገሙት። ከከተማው መግቢያ ያሉትን ፋብሪካዎች አልፈን ቤታቸው ልንደርስ ስንል አክስቴ...

«ፎቶ ሲያነሳን ስቄ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ከረጢቱን ሳያወርዱ ገቡ።

ሰውዬው ካሳውን ያግኝ አያግኝ አላውቅም። አክስቴ ግን ፎቶ ላይ ስቀው አያውቁም፤ የሳቁበት አንድ ፎቶ ቢኖር የሌባ ማስረጃ ተብሎ መንግሥት ቤት ተቀምጧል።